እግሩ ከመታሸቱ በፊት

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። በሁዳዴ ጀምሮ በጥቅምት አበቃ። ከልቤ ያልወጣው ወንድሜን ስለቀበርኩበት ብቻ አይደለም፤ ወንድም የቀበረ ሰው ብዙ ነው። እኔን ደጋግሞ ወደዚያ የሚመልሰኝ፣ አንዲት አሮጊት እንጦጦ ላይ ደጃፋቸው ቆመው የጠየቁኝ ጥያቄና እኔ የሰጠኋቸው መልስ ነው። ያን መልስ እስከ ዛሬ አገላብጬ አየዋለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስገቡ እኔ በማታው ክፍል ፊደል እቆጥር ነበር። አሁን ወሰን አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ሲነገረኝ ግን «መጀመሪያ የሆነው የቱ ነው? ከዚያስ?» ሳልል አላልፍም። ታናሽ ወንድሜ ደረጄ በዚህ ጠባዬ ይስቅብኝ ነበር።

«እታለም ወሬ እንኳ በገጽ በገጹ ካልተሰጣት አትሰማም» ይላል።

ደረጄ ከወሰን መገናኛ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። እሱና ሙሉ የምትባለው ሚስቱ ትልቁ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ እኔ እዚያው ግቢ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል። ራት የምንበላው አብረን ስለሆነ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው አይ ነበር።

በዚያ ሁዳዴ ደረጄ አጥብቆ ጾመ። ድሮ ቁርስ ሳይበላ የመኪና ቁልፍ የማያዞር ሰው፣ እህል ሳይቀምስ እስከ ማታ ይውል ጀመር። ማታም ጥቂት ጉርሻ ይልና «በቃኝ» ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ፊቱ መጠጠ። ሸሚዙ ሰፋው። ሰፈሩ ግን ደስ አለው። ጎረቤቶች «ዘንድሮስ ደረጄን እግዚአብሔር ጎበኘው» አሉ። የንስሐ አባቱ መጥተው ራሱን ዳብሰው መረቁት። ሙሉም በባሏ ኮራች።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን በሚስማር ሲበሳ አገኘሁት።

«ምነው?» አልኩት።

«ኃጢአቴ ቀነሰና ሱሪ አልይዝ አለኝ» ብሎ ሳቀ።

ወገቡንም ያመው ነበር። ከሆዱ ወደ ጀርባው የሚወጋ ሕመም ነው ይላል። ግን ወገቡን የማያመው ሹፌር የት አለ? ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረን። ምክንያቱም ሁልጊዜ እጃችን ላይ የነበረ፣ ሩቅ የማያስኬድ ነበር።

ከዚያ ግራ እግሩ አበጠ። ባቱ ቀላ፣ ጠጠረ፣ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ትኩስ ሆነ። ሹፌሮቹ ጓደኞቹ ሲያዩት ወዲያው ፈረዱ። ግራ እግር የፍሪሲዮን እግር ነው።

«አንተ ፍሪሲዮን ላይ ተኝተህ ነው የምትነዳው፤ ያበጠው እሱ ነው» አለው አንዱ።

«መገናኛ ላይ ሳይተኛበት የሚያልፍ እግር ካለ አሳየኝና ልሳመው» አለ ደረጄ።

ሙሉ «ጅማት ዞሮበት ነው፤ እማማ ዲንቄ ይዩት» አለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን ሄድን።

እማማ ዲንቄ ወጌሻ ናቸው። ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ አስፋልቱን ትቶ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባ መንገድ አለ፤ ቤታቸው እዚያ ነው። ድሮ የባላቸው እርሻ ነበር፣ አሁን ግቢዋ ብቻ ቀርታቸዋለች። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ። በእኛ ሰፈር እጃቸው ያልነካው ስብራትና ወለምታ የለም ማለት ይቻላል። የእኔንም የእጅ አንጓ ደረጃ ላይ ወድቄ በወለቀ ጊዜ የመለሱት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ይሠራል።

እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አሉት።

«ደም ነው ልጄ። ደም ቋጥሮ ነው። እበትነዋለሁ» አሉ።

ቅቤ አቅልጠው አመጡ። ደረጄ ቅቤውን ሲያይ «እማማ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አላቸው።

«እግር አይጾምም። ዝም በል።»

ሁላችንም ሳቅን። ማሸት ሲጀምሩ ግን ደረጄ ሳቁን ተወ። ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ፣ ደጋግመው፣ በሙሉ ጉልበታቸው። «ወይኔ እናቴ!» ሲል፣ «እናትህማ ብትኖር በጥፊ ትልህ ነበር፣ ይህን ያህል ቀን እስኪያብጥ ምን ትሠራ ነበር?» ይሉታል። መርቀው ሸኙን።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ደጋግሞ ቆመ። ባሕር ዛፍ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔ ዳገት ላይ የሚደክመው ብዙ ሰው አይቻለሁ። ቁልቁለት ላይ የሚደክመው ሰው ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «እግሬ ከብዶኝ ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰን ተራ ላይ መኪናው ሞልቶለት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ተኛህ እንዴ?» እያለ ይጮህ ነበር አሉ። ደረጄ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ነበር። ተራ አስከባሪው በመስኮት ቀና ሲያደርገው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አገጩ ላይ ደም አለ። የሳለው ደም ነው። ጓደኞቹ በራሱ መኪና፣ ተሳፋሪውን እንኳ በደንብ ሳያወርዱ፣ ይዘውት ወደ ሆስፒታል በረሩ። ለእኔ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ።

ስንደርስ ኦክስጅን አድርገውለት ነበር። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዐይኑ በድካም ቀልቷል። ከእግሩ የተነሣ የረጋ ደም ወደ ላይ ሄዶ የሁለቱንም ሳንባዎቹን ደም ሥሮች እንደዘጋ በእጁ እያሳየ አስረዳን። ትንሽ ቢበዛ ኖሮ እዚያው መኪናው ውስጥ ያበቃ ነበር አለ። ከዚያ ጠየቀ።

«በቅርብ ኦፐሬሽን ተደርጎ ነበር? አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር? የመመታት፣ የመውደቅ ነገር አለ?»

ሙሉ ግን ጥያቄውን አላስጨረሰችውም። «ወጌሻ አሸችው! ትናንት! ትናንት ነው ያሸችው!»

ሐኪሙ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ስንት ጊዜ ነው የምንናገረው? ያበጠ እግር አይታሽም እኮ!»

«እግሩ ያበጠው ግን ከመታሸቱ በፊት ነው» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ በትዕግሥት ነው የመለሰልኝ። «ሥራው ሹፌርነት ነው ብላችሁኛል አይደል? ተቀምጦ መዋል ደም ያረጋል። መቀመጡ አረጋው፣ ማሸቱ ደግሞ ወደ ሳንባው ላከው።»

መልስ ነው። የተሟላ ይመስላል። እኔም ከዚያ በላይ የምጠይቀው አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ ሁሉ ሹፌር መካከል ለምን ደረጄ ብቻ የሚለው ጥያቄ የተዘጋው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ወንጀለኛ ተገኝቷል። ወንጀለኛ ከተገኘ ደግሞ የሚፈልግ የለም።

ሙሉ ከሆስፒታል የሄደችው ወደ ቤት አልነበረም። እንጦጦ ወጣች። እኔ አብሬያት አልነበርኩም፤ የሆነውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ነገረኝ። ሙሉ በእማማ ዲንቄ በር ላይ ቆማ፣ በመንገዱ የሚያልፉት እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው እስኪሰሙ ድረስ ጮኸች። «አንቺ አሮጊት! ባሌን ገደልሽው! እጅሽ ይቆረጥ!» አለቻቸው። እናቷ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» አለቻቸው።

እማማ ዲንቄ እጆቻቸውን በነጠላቸው ውስጥ እንደደበቁ ወጡ።

«ሞተ?» አሉ።

«አልሞተም!»

«ተመስገን» ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

ሙሉ ላይ አልፈርድም። እዚያ እንድንሄድ ያለችው እሷ ነበረች። ያን ታውቃለች። ያን ያህል የጮኸችው ሌላ የሚሰማ ድምፅ እንዳይኖር ይመስለኛል።

ወሬው ከእኛ በፊት ወሰን ደረሰ። ሰው ልጁን ወደ እማማ ዲንቄ መውሰድ ተወ። እሳቸውም ማሸት ተዉ አሉ። ማን ቀድሞ እንደተወ ማንም በትክክል ሊነግረኝ አልቻለም።

ደረጄ ደም ማቅጠኛ ታዞለት ወጣ። ከመሪው ለጊዜው እንዲርቅ ተነገረው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ለደም ምርመራ በቀጠሮው ይሄዳል። ሊጠይቀው ለሚመጣ ሁሉ፣ «ሳንባዬ መገናኛ ሆኖ ነበር፤ አሁን ትራፊክ ቆሞለታል፣ ቀስ እያለ ይፈታል» ይላል። ሰው ይስቃል። ትንፋሹም በእውነት ተሻለው።

ፋሲካ ደረሰ። ሙሉ የቻለችውን ሁሉ ሠራች። ደረጄ ዶሮውን ቀምሶ እጁን ሰበሰበ። አንድ ጉርሻ ብቻ፣ እሱንም ለሙሉ ብሎ ነው የዋጠው። «ሆዱ በጾም ተጣብቆ ነው፣ ቀስ ብሎ ይከፈታል» አሉ የመጡት እንግዶች። ሰሃኑን አየሁት። ጾም ከተፈታ በኋላ የሚጾም ሰው ምን ይባላል ብዬ አሰብኩ። ለክትትል ሲሄድ «አይበላም፣ ይህንንም ንገሪልኝ» ብዬ ሙሉን ላክኋት፤ ተናግራለች። መድኃኒቱ አፍ መራራ ያደርጋል ተባለ። ይህም ምክንያት ነው።

ሐምሌ ላይ ቀኝ እግሩ አበጠ።

ቀኝ እግሩን ማንም አላሸውም። መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። መድኃኒቱን አንድም ቀን አላቋረጠም፤ በደም ምርመራውም መጠኑ ልክ ነው ተብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምንጠራው ምክንያት አጣን። ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አሁንስ ማን አሸው?» አለች፤ ለእኔም አልነበረም የተናገረችው።

በዚህ ጊዜ የተቀበለችን ሐኪም ጠና ያለች ሴት ነበረች። የተጻፈውን ሁሉ አንብባ ወደ ጎን ገፋችውና ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች።

«ከመጀመሪያው ንገሩኝ። እግሩ አበጠ፣ እሺ። ከእግሩ በፊት ምን ተለወጠ?»

እኔ የምወደው ዓይነት ጥያቄ ነው። ደስ ግን አላለኝም።

«ቀበቶው» አልኩ። «ከእግሩ በፊት ቀበቶውን ይበሳ ነበር።»

«ጾም ነበር ዶክተር» አለች ሙሉ። «በሁዳዴ ነው የከሳው፤ አጥብቆ ነው የጾመው።» ከዚያ ድምፅዋ ሲቀጥን ሰማሁት። «ለጥምቀትም በስቶ ነበር። ሱሪው ታቦት ስናጅብ ወርዶበት… ስንስቅ ነበር።»

ጥምቀት ከሁዳዴ በፊት ነው።

ሐኪሟ የዐይኑን ነጭ አየች፣ ሆዱን ተጫነችው፣ ጀርባው ጋ የሚወጋው የት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ በግልጽ ነገረችን። ደሙ የረጋበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ላይ ቢፈለግም አይገኝም። ግን አንዳንድ ካንሰር ራሱ ሳይታይ ቀድሞ ደምን ያረጋል። እሱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጦ እኛ የምናየው እግሩን ወይም ሳንባውን ይሆናል። ሰውየው እየከሳ ከሆነ፣ መድኃኒት እየወሰደም እንደገና ከረጋበት፣ ያኔ መፈለግ አለብን አለች።

ተፈለገ። ቆሽቱ ላይ ተገኘ። ከቆሽቱም ወደ ጉበቱ ሄዷል። በንዴት «ቆሽቴ አረረ» ስንል የኖርን ሰዎች፣ ቆሽት በትክክል የት እንዳለ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ ሙሉንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርታን ነው የነገረችን። ሙሉ የሐኪሟ እግር ላይ ወደቀች። «በማርያም፣ ለእሱ እንዳትነግሪው! ከሰማ ይሞታል!» ስትላት በሩ ክፍት ነበር። ደረጄ ከአልጋው ላይ ተጣራ።

«ዶክተር! መሪው እኮ እኔ ጋ ነው ያለው። ገደል ካለ ለተሳፋሪ ሳይሆን ለሹፌር ነው የሚነገረው።»

ገብታ ነገረችው። አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ፣ ሳትቸኩል። እሱ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

«ያኔ በሁዳዴ ቢታይ ኖሮስ?» አላት።

«አላውቅም። የቆሽት ካንሰር ሲገኝ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ምናልባት ትንሽ ጊዜ ታገኝ ነበር። ምናልባትም ምንም።»

«ሴትየዋስ? ያሸችኝ ወጌሻ?»

«ማሸት አልነበረባትም። የረጋ ደም ሲታሽ ሊነሣ ይችላል። ሳይታሽም ራሱ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ማንም ሳይነካው ነው። በአንተ የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ደምህን ያረጋው ግን የእሷ እጅ አይደለም።»

ደረጄ ዐይኑን ከጣሪያው አወረደ። ስለ ራሱ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«እሷ ይህን ታውቃለች?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው ነገር ያ ብቻ ሆነ። ወደ ቤት ተመለስን። ለሕመሙ መድኃኒት፣ ለደሙ ሆዱ ላይ የሚወጋ መርፌ ተሰጠው። እየመነመነ ሄደ። ጠያቂ ሲበዛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ሙሉ ብቻዋን ስትሆን ግን፣ «እማማ ዲንቄ ጋ ውሰዱኝ» ይላል።

«እኔ እዚያ ደጅ አልቆምም» ትላለች።

«አንቺ እንድትቆሚ መቼ አልኩ? እኔ እቆማለሁ።»

«በየትኛው እግርህ?»

እንዲህ ይባባላሉ። ክረምቱ አለፈ። መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሙሉን ግቢው ጥግ፣ ለግንብ ተብሎ ከተከመረው ድንጋይ ፊት ቆማ አየኋት። አንዱን ታነሣለች፣ ትመልሳለች። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ እንደሚቆም ሁላችንም ስንሰማ ነው ያደግነው። ወሰን ውስጥ ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ትልቅ ድንጋይ ስትታገል ደረጄ በመስኮት አያት።

«እሱን ከተሸከምሽ ቀድመሽኝ ነው የምትሞቺው። አነስ ያለ ምረጪ» አላት።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከሹፌር ጓደኞቹ አንዱ መኪና እስከሚገባበት ድረስ አደረሰን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለእሱ ግን አጭር አልነበረም። እኔ በብብቱ ገብቼ ደገፍኩት። ሙሉ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ከፊታችን ትሄዳለች። ጭቃው ገና አልደረቀም። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልን።

«እናንተዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች አንዷ።

«ገና ነው እቴ፣ እየተሰናዳን ነው» አላት ደረጄ።

ሴትየዋ አማተበች።

እማማ ዲንቄ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ሙሉ በሩ ላይ ተንበርክካ መናገር አልቻለችም። እሳቸው እሷን አላዩም። በእሷ ራስ ላይ አልፈው ደረጄን ነው ያዩት። እንዴት እንዳዩት አሁንም ይታየኛል። ሰውነቱን ከላይ እስከ ታች፣ እግሮቹ ላይ ሲደርሱ ዐይናቸውን መለሱ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ትራመዳለህ?»

«እራመዳለሁ እማማ። አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ እንጂ።»

ያኔ ወደ ሙሉ ጎንበስ አሉ። «አውርጂው በቃ። አንገትሽ ይዞርና እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ እኔ ደግሞ ማሸት ትቻለሁ።»

«እማማ፣ ይቅር በሉኝ። በማላውቀው ነው። በአፌ ነው የገደልኩዎት።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ተነሺ፣ ጭቃ ነው።»

ድንጋዩን ራሳቸው ከማጅራቷ ላይ አንሥተው አጥሩ ሥር አስቀመጡት። ደረጄን በረንዳው ላይ ባለው መደብ አንጥፈው አስተኙት። ሙሉ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ እኔን በእጃቸው ምልክት ጠሩኝና በሩ ጋ ቆምን።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አትዋሽም ይሉሻል። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅ ልጄን ክንድ እንኳ አልነካሁም። ንገሪኝ። እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት?»

የሐኪሟን ቃል ሙሉውን አስታውሰዋለሁ። ከፊሉ እሳቸውን ነፃ ያወጣል፤ ከፊሉ አያወጣም።

«በሽታው ሆዱ ውስጥ ነበር፣ እማማ። ከእጅዎ በፊት ነበር። ደሙን ያረጋው እሱ ነው። የሚገድለውም እሱ ነው» አልኳቸው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

«ከእጄ በፊት» አሉ፤ እንደሚመዝኑት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ከእጄ በኋላስ?»

እኔ ነገርን በቅደም ተከተል የምጠይቅ ሰው ነኝ። እኔው ራሴ «ከዚያስ?» ተብዬ ስጠየቅ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መደብ ላይ የተኛው ወንድሜ ዐይኑን ገልጦ እያየኝ ነው። እየለመነኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። «ምንም» በይ፣ አንዲት ቃል ናት።

«ከእንግዲህ ያበጠና የሚያተኩስ እግር አይሹ፣ እማማ» አልኩ። «ወደ ሐኪም ይላኩት።»

ሌላ አልተናገርኩም። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እሺ» አሉ። «እሺ፣ ገባኝ።»

ደረጄ ከመደቡ ላይ ጠራቸው። «እማማ፣ እግሬን ይያዙልኝ።»

«አላሽም አልኩህ እኮ።»

«አይሹ። ይያዙልኝ ብቻ። ቀዝቅዞኛል።»

አጠገቡ ቁጭ አሉ። እጆቻቸው ከነጠላው ውስጥ ለመውጣት ጊዜ ወሰደባቸው። ግራ እግሩን፣ ያንኑ የመጀመሪያውን እግር፣ በሁለት መዳፋቸው ያዙት። አላንቀሳቀሱትም። ደረጄ እንደዚያ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ መድኃኒት የተኛበት ቀን ነው። ጥላው ከበረንዳው እስኪወርድ ድረስ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

በጥቅምት ሞተ። ጠዋት ላይ ሙሉ ፊቱን እያጠበችው ሳለ ትንፋሹ አጠረና ቆመ። ሳንባው ይሁን ሌላው አልተመረመረም፤ መልሱ የሚጠቅመው ሰው አልነበረም። በለቅሶው ላይ እማማ ዲንቄ ከበሩ ጥግ ሊቀመጡ ሲሉ ሙሉ ተነሥታ እጃቸውን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ሰፈሩ አየ። ከዚያ በኋላ ሰው ወለምታውን ይዞ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመረ። እሳቸውም በሩን ከፈቱ።

ባለፈው አንዲት የትምህርት ቤታችን መምህርት አማቷ እግራቸው አብጦ ወደ እማማ ዲንቄ እንደወሰደቻቸው ነገረችኝ። እማማ ዲንቄ እግሩን እንዳዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ይህን አልነካም» አሉ። አስፋልቱ ድረስ ወርደው፣ መኪና አስቁመው፣ «ዛሬውኑ ሆስፒታል፤ ስትሄዱም ከእግሩ በፊት ምን እንደተለወጠ ንገሩ» ብለው ላኳቸው። መምህርቷ ነገሩ አስቋት ነበር የምትነግረኝ። የሐኪሟን ጥያቄ ከሙሉ ሰምተውት መሆን አለበት።

ሰው ነገሩን ሲሰማ «ለአሮጊቷ መዋሸት ምን ነበረበት?» ይለኛል። ሙሉ ራሷ አንድ ቀን ብላኛለች። ወንድሜም በዐይኑ የለመነኝ ያንኑ ነበር፤ በሕይወቱ መጨረሻ ከእኔ የፈለገውን አንድ ነገር አላደረግሁለትም። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመልስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን እንዲህ ብዬ በማሰቤ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

በየወሩ በማርያም ቀን እንጦጦ እወጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ እማማ ዲንቄን ቅጥሩ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ስለ ደረጄ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ሰላምታ ስሰጣቸው፣ ድሮ የመለሱልኝን የእጄን አንጓ ይዘው በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ያዞሩታል፣ ደህና መሆኑን ያያሉ። ከዚያ ይለቁታል። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጄን ግን ቀድሜ አልስብም። እስኪለቁት ቆሜ እጠብቃለሁ።